በአጥር ላይ የመጣው ቡልኮ

ቤቴል ያን ሰሞን መቀመጥ አቅቷት ነበር። ብትቀመጥ ትነሳለች፣ ብትነሳ ጓሮ ትወጣለች፣ ጓሮ ከወጣች ዓይኗ ወደ አጥሩ ይሄዳል። ሻንጣዋን አዘጋጅታ ትጨርስና እንደገና ከፍታ አንዱን ቀሚስ ታወጣለች፣ አይታው መልሳ ትከተዋለች። ሰኞ ጠዋት በመምህርነት ወደተመደበችበት ወደ ቤሌ ከተማ ልትሄድ ነው። የጨነቃት መንገዱ አይደለም። የጨነቃት ሳትሄድ መሰማት የነበረበት አንድ ቃል እስካሁን አለመሰማቱ ነው።

ቃሉን መናገር የነበረበት ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው መክብብ ነው። መክብብ በግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ለእናቱ ለወይዘሮ ሳህሊቱ ደግሞ አንድ ልጅ ነው። ከቤቴል ጋር ከተዋደዱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ማታ ማታ፣ የእነሱ ማንጎና የእነቤቴል አቮካዶ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ በተያያዙበት ጥላ ሥር፣ እሱ በዚያ እሷ በዚህ ሆነው አጥሩን ተደግፈው ያወራሉ። "ሽማግሌ መቼ ትልካለህ?" ስትለው "እማዬ ትንሽ ትብረድልኝ" ይላታል። ወይዘሮ ሳህሊቱ ደግሞ በዋዛ የሚበርዱ ሴት አልነበሩም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሁለቱ ግቢዎች ድሮ አንድ ነበሩ። ባለርስቱ የወይዘሮ ሳህሊቱ አማት፣ ጭሰኛው የቤቴል አያት። የመሬት አዋጁ ወጣና መሬቱ ተከፈለ፣ መሃሉ ታጠረ፣ የጭሰኛው ልጅ፣ የቤቴል አባት አቶ አንጁሎ፣ ተምረው መምህር ሆኑ፣ ጡረታ ሲወጡም የቸርቹ ሽማግሌ ሆኑ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ግን እስከዛሬ "አንተ አንጁሎ" እያሉ ነው የሚጠሯቸው። የእሳቸውም ኩራት ቀላል አይደለም። "ልጄን የፈለገ ሰው በበር ይምጣ" ይላሉ። "አባቴ እዚያ ቤት ዕድሜ ልኩን የገባው በጓሮ በኩል ነው።" በዚህ ላይ አንዱ ቤት ጴንጤ፣ አንዱ ቤት ኦርቶዶክስ። እንግዲህ ፍቅር ቦታ አይመርጥም ይሉት የለ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው የበቀለው።

ያ ዓመት ሁለቱንም ቤት ያስጨነቀ ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። የማንጎውም የአቮካዶውም ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ እየተበላ የመጋዝ ጥርስ መሰለ። ለጋው ቅጠል እንደወጣ ያልቃል። መክብብ አንዱን ተባይ ይዞ ለቤቴል አሳያት፤ አፉ ወደፊት ሾጠጥ ያለ፣ አመድ የሚመስል ትንሽ ነቀዝ ነው። "የእህሉ ነቀዝ ዘመድ ነው" አላት። "ይሄ ግን ጎተራ አይገባም፣ ቅጠል ነው የሚበላው። ልጆቹ ደግሞ አፈር ውስጥ ሆነው ሥሩን ይበሉታል።" እሷ ግን የምታየው መዳፉን ነበር፤ ስለ ነቀዝ እንዲህ የሚጠነቀቅ እጅ ስለ እኔ ምነው ሰነፈ እያለች።

ቅዳሜ በማለዳ፣ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና ሳይለቅ፣ መክብብ አጥሩ ጋ መጥቶ አቶ አንጁሎን ተጣራ።

"ጋሽ አንጁሎ፣ ነቀዙ የሚያዘው አሁን ነው። ፀሐይ ከሞቀው ያመልጣል። እኛ ጋ ብቻ ባራግፈው ወደ እናንተ ይሻገራል፣ እናንተ ጋ ብቻ ብታራግፉት ወደ እኛ። አብረን ብናደርገው ይሻላል።"

"መርዝ የላችሁም?" አሉ አቶ አንጁሎ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

"አለ። ማንጎው አብቧል ግን፤ ንቡን ይጨርስብናል። ንብ ከሌለ ደግሞ ፍሬም የለም። ሰፊ ነጭ ጨርቅ ከሥር ከተያዘ ይበቃል፤ ቅርንጫፉን ስንመታው ይወድቃል፣ ከጨርቁ ላይ ጠርገን ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነው።"

ቤቴል አንሶላ አመጣች። ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ለመወጠር ግን አንሶላው አልበቃም። መክብብ "ቆይ" ብሎ ሮጦ ወደ ቤት ገባ። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ሲመለስ በክንዱ ታቅፎ የያዘውን አይታ ቤቴል የያዘችው ባልዲ ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ።

ቡልኮ ነበር። አዲስ፣ ወፍራም፣ ጥለቱ እንኳ ያልታጠበ ቡልኮ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ልጃቸው ሲያገባ በልጅቷ አባት ትከሻ ላይ ሊጥሉት አሸምነው ሳጥን ውስጥ ያኖሩት መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። በሶዶ ሴት ልጅ ያለችው አባት ወንድ ልጅ ካለው ቤት ቡልኮ ተቀበለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም አይስተውም። የሰብል ጥበቃ ባለሙያው ግን ሐሳቡ ሁሉ ነቀዙ ላይ ነበር፤ ለእሱ የታየው ሰፊ ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ቤቴል ይሄን አላወቀችም። አውቆ ነው ያመጣው ብላ አሰበች፤ አፉ እንቢ ቢለው በዚህ መንገድ ሊናገር ነው አለች።

አቶ አንጁሎ አንጋጠው ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን እያዩ ስለነበር በአጥሩ ላይ የተወረወረላቸውን ጫፍ ሳያስተውሉ ያዙ። መክብብ በዚያ በኩል ይዞ በሌላ እጁ በረጅም ዘንግ ቅርንጫፉን መታው። ነቀዙ እግሩን ሰብስቦ እንደሞተ ሆኖ ይረግፍ ጀመር። ሲነኩት መሞት የዚህ ፍጥረት ብልሃቱ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ይሄዳል። ቤቴል በመጥረጊያ እየሰበሰበች ወደ ባልዲው ስታስገባ መክብብን ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት፣ ፈገግ አለላት።

በዚህ መሃል ጎረቤታቸው እትዬ አሳየሽ ወደ ገበያ ስትሄድ በመንገዱ በኩል ብቅ አለች። የእትዬ አሳየሽ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፣ ዓይኗ ግን የሚስተው ነገር የለም። ቡልኮውን አየች፣ አቶ አንጁሎን አየች፣ ዘንቢሏን አስቀመጠችና እልልታዋን አቀለጠችው።

"አንጁሎ ቡልኮ ተቀበለ። እኛ ሳንሰማ ነው? ቤቴል፣ ተባረክ የኔ ልጅ፣ ሎኦ፣ በጣም ጥሩ ነው።"

አቶ አንጁሎ ያኔ እጃቸው ላይ ያለውን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ቤቴል ወደ መክብብ ዞረች። አሁን ይናገራል አለች በልቧ። አሁን።

መክብብ አመድ መሰለ። "ለነቀዙ ነው እኮ፣ እትዬ አሳየሽ" አለ። "ነቀዙን ልንይዝበት ነው። ሌላ ምንም ነገር የለውም።"

አቶ አንጁሎ የያዙትን ጫፍ ለቀቁት። የመክብብም እጅ ላልቶ ነበርና ቡልኮው በአጥሩ ላይ ተንሸራቶ ወደ እነቤቴል ግቢ ወደቀ፤ እንደሞተ የተኛው ነቀዝ ሁሉ ተነስቶ ሣር ውስጥ ገባ። ቤቴል ባልዲውን መሬት አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። ሌላ ምንም ነገር የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ይሄ ነበር እንዴ?

ቡልኮው በረንዳው ወንበር ላይ ተጣጥፎ ዋለ። አቶ አንጁሎ አራግፈው አጠፉት፣ ከዚያ ወዲያ ግን የሚነካው ሰው ጠፋ። ቢመልሱት ልጄን ከለከልኩ ማለት ነው። ቢያስገቡት ሰጠሁ ማለት ነው። ወይዘሮ ሳህሊቱም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሳጥኑን ባዶ ሲያገኙት ልካችሁ አምጡልኝ ማለት አልቻሉም፤ የሰውን ልጅ በአደባባይ አዋረዱ ያሰኛል። እናም ቡልኮው እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በዚያ ግቢ አርፎ መቀመጥ የቻለው እሱ ብቻ ነበር።

ማታ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ ቤቴል የመጋዝ ድምፅ ሰማች። ወጥታ አየች። መክብብ መሰላል ላይ ሆኖ፣ ማንጎውን ከአቮካዶው ያያያዘውን ትልቁን ቅርንጫፍ እየቆረጠ ነው። ስትደርስ ቅርንጫፉ ተንቋቅቶ ወደቀ። እነሱ የሚቆሙበት ጥላ ተከፍቶ ሰማይ ታየበት።

"እሱንም ቆረጥከው" አለች።

መክብብ ከመሰላሉ ወረደ። "ቤቲ፣ ይሄ ነቀዝ መብረር አይችልም። ሁለቱንም ግንድ በላስቲክ ጠምጥሜ የሚያጣብቅ ግራሶ ቀብቼዋለሁ፤ አባትሽን ቀደም ብዬ አስፈቅጄ ነው። በግንዱ አይወጣም። የሚሻገርበት የቀረው ይሄ ቅርንጫፍ ነበር። ስትሄጂ ዛፉ እንዲተርፍልሽ ብዬ..."

"ዛፉን መቼ ጠየቅኩህ?"

መክብብ የመጋዙን ጥርስ በጣቱ ጠረገ።

"ለነቀዙ ሁሉን ታውቅለታለህ። በየት እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚነቃ፣ ምን እንደሚፈራ። ሲነኩት እንደሞተ ሆኖ እንደሚወድቅም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዛሬ ጠዋት እትዬ አሳየሽ ስትነካህ አንተስ ምን ሆንክ?"

መክብብ መጋዙን ሣሩ ላይ ጣለው። "ፈራሁ" አለ።

"ማንን?"

"አባትሽን። እማዬን። አሳየሽን። መንገድ የሚሄደውን ሰው ሁሉ።"

"እኔንስ?"

"አንቺን አልፈራሁም" አለ። "ጥፋቴ እሱ ነው። አንቺ ሁልጊዜ እዚህ አጥር ጋ የምትኖሪ መስሎኝ ነበር።"

እጁን በአጥሩ ላይ ዘረጋላት። ያን እጅ ስንት ጊዜ በዚያች ቦታ ይዛዋለች። አሁን አልያዘችውም።

"ቡልኮውን ስታመጣው እኮ አውቀህ ነው ብዬ ነበር" አለችው። "ለትንሽ ጊዜ... ቅርንጫፉን እስክትመታው ድረስ... ሙሽራ ነበርኩ። አንተ አላወቅክም። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነኝ። በአጥር ላይ የማወራው አብቅቷል፣ መክብብ።"

ዞራ ሄደች። ከኋላዋ ስሟን ጠራት፤ አልዞረችም። ብትዞር ኖሮ ትቀር ነበር፣ ይሄን ታውቀዋለች፣ ስለዚህም ነው ያልዞረችው።

እሑድ ቸርች ውስጥ የዘመሩት ምን እንደሆነ ብትጠየቅ አታውቅም። ከስብከቱ በኋላ ደጅ ላይ ሴቶቹ እጇን እየጨበጡ ጠጋ ብለው ያዩዋታል፤ ግማሾቹ እንኳን ደስ አለሽ ሊሉ፣ ግማሾቹ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሊሉ፣ የትኛው እንደሚባል ጠፍቷቸዋል። እቤት ስትገባ እንደገና ሻንጣውን ከፈተች። አባቷ በሩ ላይ ቆመው ጥቂት አዩዋት።

"ትወጂዋለሽ?" አሏት።

"እወደው ነበር፣ አባዬ።"

"ነበር ብዬ አልጠየቅኩሽም።"

ቤቴል አንዱን ቀሚስ አጥፋ መልሳ ከተተች። አቶ አንጁሎ በረንዳው ላይ ወጥተው ከቡልኮው ትይዩ ተቀመጡ። ከአጥሩ ማዶ የእናትና የልጅ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማ ጀመር። ወይዘሮ ሳህሊቱ ይቆጣሉ፣ መክብብ ይመልሳል። ቤቴል መክብብ ለእናቱ እንዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲመልስ ሰምታ አታውቅም። ቃሉን ለመለየት ጆሮዋን ብትጥልም አልሆነላትም። ከዚያ በድንገት ሁሉም ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ከጭቅጭቁ ይልቅ አስጨነቃት። ውሃ ልትቀዳ ወጣች፣ ሳትቀዳ ተመለሰች።

ሰኞ ገና ሲነጋ ቤቴል ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ ሻንጣዋን ከበሩ አጠገብ አቁማ ነበር። የቤሌ አውቶቡስ ቶሎ ይሞላል። አባቷ ሊሸኟት ጋቢያቸውን ሲደርቡ የውጭው በር ተንኳኳ።

አቶ አንጁሎ ከፈቱ። ደጅ ላይ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ሀብተጊዮርጊስና ሌላ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው። ከእነሱ ኋላ መክብብ። ከመክብብ ኋላ ደግሞ፣ ማንም ያልጠበቀው፣ ወይዘሮ ሳህሊቱ ራሳቸው። እትዬ አሳየሽም መንገድ ዳር አለች፤ እሷማ የት ትቀራለች።

"ግቡ" አሉ አቶ አንጁሎ። "ተቀመጡ።"

"ሳንደመጥ አንቀመጥም" አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ እንደ ወጉ። "ጉዳያችን..."

መክብብ አቋረጣቸው። ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ ከመጣም አይናገርም። እሱ ግን ወደ መንገዱ ዞረ።

"እትዬ አሳየሽ፣ ቅዳሜ ቡልኮው ሌላ ነገር የለውም ብዬሽ ነበር። ዋሽቻለሁ። ቡልኮውን ሳወጣው ሐሳቤ ነቀዙ ላይ ነበር፣ እውነት ነው። ቤቴልን ግን እወዳታለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይሄን ያኔውኑ አጥሩ ላይ ሆኜ መናገር ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ፣ ግን እየፈራሁም ቢሆን እናገራለሁ።"

እትዬ አሳየሽ እንደ ቅዳሜው እልል አላለችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቤቴል በረንዳው ላይ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች።

ወይዘሮ ሳህሊቱ ሽማግሌዎቹን አልፈው በረንዳው ጋ መጡ። "ቡልኮዬን ልየው" አሉ።

ቤቴል ደነገጠች። ሊወስዱት ነው። አቶ አንጁሎ ምንም ሳይሉ ከወንበሩ አንስተው ሰጧቸው። ወይዘሮ ሳህሊቱ ዘርግተው አዩት። በመሃሉ የዛፍ ሙጫ ተጣብቆበታል፣ የተጨፈለቀ ነቀዝ አጥቁሮታል፣ ጥለቱ ላይ የሣር እድፍ አለ። እድፉን በጣታቸው ዳሰሱት።

"አቶ አንጁሎ" አሉ በመጨረሻ። አቶ ብለው ሲጠሯቸው የመጀመሪያቸው ነበር። "እኔ እዚህ በር ረግጬ አላውቅም። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ የእርስዎ አባት በጓሮ ሲገቡ አይቻለሁ። አማቴ ነበሩ ያዘዙት፣ እኔም ልጅ ነበርኩ፣ ግን አይቻለሁ። ትናንት ልጄ ይሄንን አስታወሰኝ። ዛሬ እርስዎም እኔን በጓሮ ዞረሽ ግቢ ቢሉኝ ቅር አይለኝም።"

አቶ አንጁሎ ባዶውን ወንበር ወደ እሳቸው ሳቡላቸው።

"እዚህ ቤት በጓሮ የሚገባ ሰው የለም" አሉ።

ወይዘሮ ሳህሊቱ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቡልኮውን እንደገና አዩት። "ይሄማ እንግዲህ ለሰው ትከሻ አይሆንም" አሉ። "ለዛፉ ይሁን። ለእርስዎ ሌላ ይሸመናል። ሲያልቅ በበር ነው የሚመጣው።"

ቤቴል አለቀሰች። ሳታፍር፣ ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች። መክብብ ሊጠጋት አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሽማግሌዎቹን አይቶ ቆመ።

"የሃይማኖቱ ነገር አለ" አሉ አቶ አንጁሎ ወደ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዞረው። "ቸርቹም ይጠየቃል፣ የናንተም አባቶች ይጠየቃሉ። ዛሬ አዎ አልልም። እስከዚያ ሸማኔው ሥራውን ይጀምር።" ይሄን ሲሉ ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው አቮካዶውን አዩ፤ የተረፈው ለጋ ቅጠል ላይ አመድማው ነቀዝ ብርዱ እንዳደነዘዘው ተለጥፏል። "ፀሐይ ሳይሞቀው ይሄን ቡልኮ ያዙልኝ" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ሁለቱም አንዱን ጥግ ያዙ። መክብብ በአንድ ጥግ፣ ወይዘሮ ሳህሊቱ በአንድ ጥግ። አራተኛው ጥግ ባዶ ነበር። ቤቴል የጉዞ ልብሷን እንደለበሰች ሄዳ ያዘችው። ከታች ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ቤሌ መሄዷ አይቀርም፤ ግን ሌላም አውቶቡስ አለ።

አቶ አንጁሎ ዘንጉን አንስተው ቅርንጫፉን መቱት። ነቀዙ ቡልኮው ላይ መርገፍ ጀመረ። ከማዶ ጥግ መክብብ ጨርቁን ሲወጥር መሳቡ እጇ ድረስ መጣ፤ ቀና ስትል እያያት ነው።

"ጠበቅ አድርጊ የኔ ልጅ፣ እንዳይፈስ" አሉ ወይዘሮ ሳህሊቱ።

ቤቴል ጠበቅ አደረገችው። ያን ሰሞን አላርፍ ብሎ የነበረው እጇ ጨርቁን ይዞ ጸጥ አለ።